ፊተኛው ጫማና ኋለኛው ጫማ
ስለ ታምቡር ፍሬን አመጣጥና ስለ ትክክለኛ አገጣጠሙ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

ስለ አውቶሞቢል ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍት የተመለከተ ሰው አብዛኛው ገጽ ለሞተር የተሰጠ መሆኑን ይገነዘባል። መኪና እንዴት ለመሄድ እንደ ቻለ በሰፊው ይተረካል፤ እንዴት ለመቆም እንደ ቻለ ግን በጥቂት መሥመር ይታለፋል። እኔም ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣሁት በመንገድ ላይ ባጋጠመን ነገር ምክንያት ነው።

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር በአሮጌው የአሜሪካ ፒክአፕ መኪናው ወደ ጎጃም እንጓዝ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ መውረድ እንደ ጀመርን፣ አጎቴ ፍሬን በያዘ ቁጥር መኪናው ወደ ግራ፣ ማለትም ከፊት ለፊታችን ከባድ መኪናዎች ወደሚመጡበት መንገድ ይስብ ጀመር። አጎቴ ማርሹን ወደ አንደኛ መልሶ፣ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ ከመንገዱ ዳር አቆመው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት የአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራ በአንድ ጋራዥ ተለውጦ ነበር። በተመለስን ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ሲፈቱ፣ በግራው በኩል አጭር ሸራ ያለው ጫማ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅም ሸራ ያለው ወደ ኋላ ተገጥሞ ተገኘ። በቀኙ በኩል ግን የተገጠሙት ተገላብጠው ነበር። አጎቴ ይህን ባሳየው ጊዜ መካኒኩ በቅን ልቡና፣ «ጋሼ፣ ሁለቱም ሸራ ነው፤ ፊትም ሆነ ኋላ ምን ለውጥ ያመጣል?» ሲል ጠየቀ። አጎቴ መልስ አልነበረውም። የኮሌጅ ተማሪ የተባልሁት እኔም አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ሳጠናው እንደ ተረዳሁት መልሱ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ጫማ በያዘው ስፍራ እንዲቀመጥ ያደረገው አንድ የቀድሞ ችግር አለና።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሞቹ ጥቂት ልናገር። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረውን ክብ የብረት ድስት «ታምቡር» እለዋለሁ። በውስጡ ሳይዞሩ የሚቀመጡትን ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች «ጫማ»፣ በጫማው ላይ የተለጠፈውን ወይም የተበሰመረውን የሚሰበቅ ሽፋን ደግሞ «ሸራ» እላለሁ። በጋራዥ ቋንቋ ጫማውም ሸራውም አብረው «ሸራ» ይባላሉ፤ ለዚህ ጥናት ግን መለየቱ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

1ኛ፤ ከታምቡሩ በፊት

ፈረስ ይጎትተው በነበረው ሠረገላ ላይ ፍሬን ማለት በመንኰራኩሩ ጠርዝ ላይ ከውጭ የሚጫን የእንጨት ጉማጅ ነበር። ካርል ቤንዝ በ1886 የባለቤትነት መብት ያገኘባት ባለ ሦስት እግር መኪናም ከዚህ ብዙ አልራቀችም። በነሐሴ ወር 1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም ከ100 ኪሎሜትር በላይ በዚህ ዓይነት መኪና ተጓዘች። በቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን እያለቀ ስላስቸገራት፣ ባውሽሎት በሚባል መንደር አንድ ጫማ ሰፊ በፍሬኑ ላይ ቆዳ እንዲመታበት አደረገች። የፍሬን ሽፋን የሚባለው ነገር በአውቶሞቢል ታሪክ የተጀመረው በዚህ እንደ ሆነ ይተረካል። የመጀመሪያውን ሸራ ያበጀው መሐንዲስ ሳይሆን ጫማ ሰፊ መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ የውጭው ጉማጅ ብዙ አልቆየም። የሚሽሌን ወንድማማቾች በ1895 ከፓሪስ ወደ ቦርዶ በተደረገው ውድድር በአየር የተሞላ ጎማ በአውቶሞቢል ላይ ካሳዩ በኋላ፣ መኪና ሁሉ ጎማ መልበስ ጀመረ። ጎማን ደግሞ በእንጨት እየፈተጉ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ፍሬኑ ከመንኰራኩሩ ጠርዝ ወደ መካከሉ መዛወር ነበረበት። መጀመሪያ የተሞከረው መንገድ በመንኰራኩሩ እምብርት አጠገብ ታምቡር አድርጎ በላዩ የብረት ቀበቶ መጠምጠም ነበር። አሽከርካሪው ሲረግጥ ቀበቶው ይጠብቃል፤ ታምቡሩም ይቆማል።

ቀበቶው ግን ሦስት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ ከውጭ ስለ ሆነ ጭቃና ውኃ ይገባበታል። ሁለተኛ፣ ታምቡሩ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀበቶው ሳይፈለግ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ወደ ፊት ሲዞር ራሱን የሚያጠብቀው ቀበቶ ወደ ኋላ ሲዞር ይላላል፤ ስለዚህ በዳገት ላይ የቆመ መኪና ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። ይህ ሦስተኛው ጉድለት፣ ማለትም ፍሬን በአንድ አቅጣጫ ብርቱ፣ በሌላው ደካማ መሆኑ፣ በሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ ነው።

2ኛ፤ ወደ ውስጥ የገባው ፍሬን

በ1902 ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ጫማዎቹን ከታምቡሩ ውስጥ አስገብቶ ወደ ውጭ የሚገፉ አደረጋቸው። ታምቡሩ አሁን ለፍሬኑ ክዳን ሆነለት፤ ጭቃው በውጭ ቀረ። ሲሞቅ የሚሰፋው ታምቡርም ከጫማው ይርቃል እንጂ አይጠብቅበትም። ይህኛው ራሱ በኋላ ሌላ ችግር አመጣ፤ ወደዚያ እንመለሳለን። በዚያው በ1902 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ዲስክ የሚቆነጥጥ ፍሬን የባለቤትነት መብት አወጣ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ዓመት ተወለዱ ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ዓለምን የገዛው ታምቡሩ ነው።

የሸራውም ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያዎቹ የፍሬን ሽፋኖች ቅባት የጠጣ የተሸመነ ጥጥ ነበሩ። ጥጥ ሲሞቅ ስለሚቃጠል፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአስቤስቶስ ክር ተተካ። እንግዲህ ዛሬ በእኛ ጋራዥ ሸራ የሚባለው ነገር፣ ቀድሞ በእርግጥ የተሸመነ ሸራ ነበረ።

3ኛ፤ መሪና ተከታይ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንድረስ። ሁለት ጫማዎች ከታች በችንካር የተያያዙ፣ ከላይ ደግሞ በአንድ ሲሊንደር ወደ ሁለት የሚከፈቱ እንደ ሆኑ እናስብ። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው የላይኛው ክፍል ወደ ፊት፣ የፊተኛው ክፍል ወደ ታች ይዞራል። ስለዚህ ፊተኛው ጫማ ታምቡሩን በነካ ጊዜ፣ ታምቡሩ ጫማውን ከሲሊንደሩ ወደ ችንካሩ ይጎትተዋል፤ ጎተተውም ማለት የባሰ ወደ ራሱ አስጠጋው ማለት ነው። ይህ ጫማ መሪ ይባላል። በኋላ በኩል ያለውን ጫማ ግን ታምቡሩ ከችንካሩ ወደ ላይ ስለሚገፋው ከራሱ ያርቀዋል። ይህ ተከታይ ይባላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ለመገመት ሞክሬያለሁ። ሲሊንደሩ ከችንካሩ 200 ሚሊሜትር ይራቅ፤ የታምቡሩ ግፊት በጫማው መካከል፣ በ100 ሚሊሜትር ላይ ይረፍ፤ ሰበቃው ደግሞ ከችንካሩ 90 ሚሊሜትር በራቀ መሥመር ይሥራ። ሲሊንደሩ እያንዳንዱን ጫማ በ100 ኪሎ ኃይል ይግፋ፤ የሰበቃው መጠን 0.4 ይሁን። በማንሻ ሕግ መሠረት ለመሪው ጫማ የሚገኘው ግፊት 20,000 ለ64 ሲካፈል፣ ማለትም 312 ኪሎ ያህል ነው፤ ሰበቃውም 125 ኪሎ ይሆናል። ለተከታዩ 20,000 ለ136 ሲካፈል 147 ኪሎ ነው፤ ሰበቃውም 59 ኪሎ። እንግዲህ በአንድ ሲሊንደር፣ በአንድ ግፊት፣ በአንድ ዓይነት ሸራ፣ መሪው ጫማ የተከታዩን ከእጥፍ በላይ ይሠራል። ትርፉን ከየት አመጣው ቢባል፣ ከሚዞረው ጎማ ተበደረው።

ብድር ግን ወለድ አለው። የሰበቃው መጠን በሙቀት ምክንያት ከ0.4 ወደ 0.3 ቢወርድ፣ ማለትም ሩቡን ቢያጣ፣ የመሪው ጫማ ሰበቃ ከ125 ወደ 82 ኪሎ ይወርዳል፤ ይህ 34 በመቶ መቀነስ ነው። ተከታዩ ግን ከ59 ወደ 47 ይወርዳል፤ የቀነሰው 20 በመቶ ብቻ ነው። ብርቱው ጫማ የሚከዳውም እርሱ ቀድሞ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የሰበቃው መጠን ወደ 1.1 ገደማ ከፍ ቢል፣ በዚህ ስሌት የመሪው ጫማ ግፊት ወሰን ያጣና ጎማው በራሱ ይነክሳል። የፍሬን ሠሪዎች ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል የተደረገ ጉዞ ነው።

4ኛ፤ አራት ጎማ፣ ዘይትና የቤንዲክስ ጫማ

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብዙዎቹ መኪናዎች ፍሬን የነበራቸው በኋላ ጎማ ብቻ ነበር። የፊት ጎማ ፍሬን ቢደረግለት መኪናው ይገለበጣል ወይም መሪው አይታዘዝም የሚል ፍርሃት ነበረ። እውነቱ ግን ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል፣ ይበልጥ ለመያዝ የሚችለው የፊቱ ጎማ ነው። የሂስፓኖ ስዊዛ ድርጅት በ1919 ባሳየው ኤች 6 በሚባለው መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ፍሬን አደረገ፤ ከማርሹ ሳጥን ኃይል እየወሰደ እግርን የሚያግዝ መሣሪያም ጨመረበት። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አራት ጎማ ፍሬን የተለመደ ሆነ።

አራቱን ጎማ እኩል ማስያዝ ግን በካቦና በብረት ዘንግ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። አንዱ ካቦ ጥቂት ቢላላ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ማልኮም ሎክሂድ የተባለ አሜሪካዊ በ1917 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የዘይት ፍሬን ይህን ፈታ፤ በዝግ ቱቦ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግፊቱን በሁሉም ወገን እኩል ያደርሳልና። ዱዘንበርግ በ1921፣ ክራይስለር በ1924 የዘይት ፍሬን በአራቱም ጎማ አደረጉ። ሄንሪ ፎርድ ግን በብረት ዘንግ እየታመነ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ ቆየ። የጀርመኑ ቮልስዋገንም በካቦ ፍሬን ጀምሮ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚላከው ዓይነት በ1950 የዘይት ፍሬን ሰጠው፤ ርካሹ ዓይነት እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ በካቦ ቀጠለ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ «ቮልስ» እየተባለ የሚታወቀው ይኸው መኪና ነው።

በዚሁ ዘመን አሜሪካ ከመሪው ጫማ የሚገኘውን ብድር እስከ መጨረሻው ለመጠቀም የሚያስችል ዘዴ አወጣች። በቪንሰንት ቤንዲክስ ድርጅት ስም የታወቀው ይህ ፍሬን በታች በኩል ቋሚ ችንካር የለውም። ሁለቱ ጫማዎች ከታች የተያያዙት የኮከብ ቅርጽ ባለው በሚንሳፈፍ ማስተካከያ ነው፤ ቋሚው ችንካር ያለው ከላይ፣ ከሲሊንደሩ በላይ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ፊተኛው ጫማ በታምቡሩ ተይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚያቆመው ችንካር ስለሌለ በማስተካከያው በኩል ኋለኛውን ጫማ ከታች ይገፋዋል። ኋለኛውም በሲሊንደሩ ብቻ ሳይሆን በፊተኛው ጫማ ኃይል ጭምር ተገፍቶ በላይኛው ችንካር ላይ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ከሥራው የሚበልጠውን የሚሠራው ኋለኛው ጫማ ነው።

የመካኒኩ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ብዙ ስለሚሠራ ብዙ ስለሚያልቅ፣ ኋለኛው ጫማ ረጅም ሸራ ይለብሳል፤ ፊተኛው አጭር ሸራ ይበቃዋል። የሁለቱ ሸራ ቅመም እንኳ የተለያየበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ሲገላበጡ አጭሩ ሸራ የረጅሙን ሸክም ይሸከማል፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከሌላው ወገን ጎማ ጋርም እኩል አይዝም። በአጎቴ መኪና ላይ የቀኙ ጎማ ደክሞ ግራው ብርቱ ሆኖ ስለ ቀረ፣ መኪናው ወደ ግራ መሳቡ ግድ ነበር። በጋራዡ ግቢ ውስጥ በቀስታ ሲሞከር ይህ አልታየም፤ ስሕተቱ የታየው በቁልቁለቱ ላይ ነው።

5ኛ፤ ሁለት መሪዎች

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ። እንደ 1948ቱ ሞሪስ ማይነር ባሉት መኪናዎች ላይ ለፊቱ ጎማ ሁለት ሲሊንደር ሰጡት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እያንዳንዱ ጫማ የራሱ ሲሊንደር ስላለው ሁለቱም መሪ ይሆናሉ። ከላይ ባደረግነው ስሌት አንድ መሪና አንድ ተከታይ ያለው ፍሬን 184 ኪሎ ሰበቃ ሲሰጥ፣ ሁለት መሪ ያለው 250 ይሰጣል።

ነገር ግን መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ሁለቱም መሪዎች በአንድ ጊዜ ተከታይ ይሆናሉ፤ ሰበቃቸውም 118 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የቀበቶው የቀድሞ ጉድለት በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ስለዚህ የሞሪስ ማይነር የኋላ ጎማ በአንድ መሪና በአንድ ተከታይ ጫማ ቀረ፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው እርሱን ነውና፣ መኪናው ፊቱን ወደ ዳገቱም ወደ ቁልቁለቱም አድርጎ ቢቆም እኩል እንዲይዝ ያስፈልጋል።

ከዚህም አንድ የአገጣጠም ሕግ ይወጣል። የግራውና የቀኙ ሳህን ከነሲሊንደሩ ቢለዋወጥ፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ሁለቱ ጫማዎች ተከታይ ይሆናሉ። ምንም ነገር አልጎደለም፣ ምንም ነገር አልፈሰሰም፣ መርገጫውም ጠንካራ ነው፤ ፍሬኑ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል።

6ኛ፤ ሙቀትና የታምቡሩ መሸነፍ

ፍሬን የሚሠራው ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ 1000 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ጊዜ ሲቆም 247 ሺህ ጁል ያህል ሙቀት ይወጣዋል። ይኸው መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ፣ ሞተሩና ነፋሱ ካላገዙት፣ ፍሬኑ 9.8 ሚሊዮን ጁል መዋጥ አለበት፤ ይህም ያለ ዕረፍት 40 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ታምቡሩ ሲግል ሁለት ነገር ይሆናል። የሸራው ሰበቃ ይቀንሳል፤ ታምቡሩም ሰፍቶ ከጫማው ይርቃል፣ መርገጫውም ወደ ታች ይሰምጣል። ሬኖ ከቀበቶው መጥበቅ ያዳነን መንገድ ለዚህ አሳልፎ ሰጠን። ዲስክ ፍሬን ግን በሁለቱም በኩል ይሻላል። ዲስኩ ሲሞቅ ወደ ሸራው ይወፍራል፤ ደግሞም ከጎማው የሚበደረው ኃይል ስለሌለ፣ ሰበቃው ሩቡን ቢያጣ ፍሬኑ ሩቡን ብቻ ያጣል። በ1953 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር በደንሎፕ ዲስክ ፍሬን አሸነፈ፤ በ1955 የሲትሮየን ዲኤስ መኪና የፊት ዲስክ ይዞ ወጣ። ዲስክ ብድር ስለማይወስድ ግን ብርቱ እግር ይጠይቃል፤ ስለዚህ በሰፊው የተዛመተው እግርን ከሚያግዘው የቫኩም መሣሪያ ጋር ነው።

7ኛ፤ ስለ ትክክለኛ አገጣጠም

ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን የእጅ ሥራ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። እነዚህን ነገሮች ከአጎቴ ጋር ሆነን የፊት ጎማዎቹን እንደገና ስንገጥም ፈጽመናቸዋል።

ሀ) መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ የማይፈቱት ጎማዎች ድንጋይ ወይም ጉማጅ ይደረግባቸው። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና አይታመንም፤ ጠንካራ መቆሚያ ይግባበት።

ለ) በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ ይፈታ። ሌላው ወገን ሳይፈታ ምሳሌ ሆኖ ይቆያል፤ ሞላዎቹ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ገቡ፣ የትኛው ጫማ ፊት እንደ ነበረ ከእርሱ ይታያል። ነገር ግን ምሳሌው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል፣ ምክንያቱን በሐሳብ ማመሳከር ይገባል።

ሐ) ታምቡሩ እንቢ ቢል በመዶሻ ከመምታት በፊት ማስተካከያው ወደ ኋላ ይመለስ፤ ያረጀ ታምቡር በውስጡ ጠርዝ ስለሚያወጣ በጫማው ላይ ይነክሳልና።

መ) በውስጡ ያለው ትቢያ በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አይነፋ። የአሮጌ መኪና ሸራ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል፤ ትቢያው በሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገድል በሽታ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች አጠቃቀሙን ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ የከለከሉት ስለዚህ ነው። በውኃ በራሰ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም ታስሮ ይጣል።

ሠ) የሲሊንደሩ ላስቲክ ጫፍ ተገልጦ ይታይ፤ ዘይት ካለ ሲሊንደሩ ሳይታደስ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማጥፋት ነው። ዘይት የጠጣ ሸራም አይታጠብም፤ ይለወጣል። ሸራ የሚለወጠው ሁልጊዜ በግራና በቀኝ ጎማ እኩል ነው።

ረ) ታምቡሩ ይለካ። የመጨረሻው የተፈቀደ ስፋት ብዙ ጊዜ በራሱ ላይ ተጽፏል። በቶርኖ ተልጦ የሰፋ ታምቡርና አዲስ ጫማ አንድ ቅስት ላይኖራቸው ይችላል፤ ጫማው በመካከሉ ብቻ ቢነካ ፍሬኑ ደካማ፣ በጫፎቹ ብቻ ቢነካ ነካሽ ይሆናል። ጫማውን በታምቡሩ ውስጥ አስቀምጦ በብርሃን ማየት ይህን ያሳያል።

ሰ) ጫማው በሳህኑ ላይ የሚንሸራተትባቸው ነጥቦች ሙቀት የሚችል ግራሶ በጣም በስሱ ይቀቡ። ሸራውን ግን በቅባት እጅ መንካት አይገባም።

ሸ) በቤንዲክስ ዓይነት ፍሬን አጭር ሸራ ያለው ጫማ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅም ሸራ ያለው ወደ ኋላ ይግባ። ይህ በግራም በቀኝም ያው ነው። የኮከቡ ማስተካከያ ግን የግራና የቀኝ አለው፤ ጥርሱ የተቀረጸው በተቃራኒ ስለ ሆነ፣ ቢለዋወጥ ራሱን የሚያስተካክለው ዓይነት ፍሬን እያጠበቀ መሄዱ ቀርቶ ያላላል። በሁለት መሪ ዓይነት ደግሞ፣ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ ታምቡሩ እያንዳንዱን ጫማ ከሚገፋው ፒስተን ወደ ማረፊያው የሚጎትተው መሆኑ በጣት እየተከተሉ ይረጋገጥ።

ቀ) ታምቡሩ ከመግባቱ በፊት ጫማዎቹ ወደ መካከል ይደርደሩ። ከገባ በኋላ ጎማው እየዞረ ማስተካከያው ይጥበቅ፤ ሲይዝ በመጠኑ ይመለስ። ከዚያም ፍሬኑ ተረግጦ ጫማዎቹ ስፍራቸውን ይያዙና እንደገና ይስተካከል።

በ) መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መርገጫው ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ይረገጥ። የዘይቱ መሥመር ተከፍቶ ከነበረ አየሩ ይውጣ። የመጀመሪያው ሙከራ በደልዳላ ባዶ መንገድ፣ በዝግታ፣ መሪውን ላላ አድርጎ በመያዝ ይሁን፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ እንደገና ይፈታ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ድረስም ወደ ረጅም ቁልቁለት አይሄዱበትም።

መደምደሚያ

አጎቴ መኪናውን ወደዚያው ጋራዥ መልሶ ወሰደው። ጠብ አልነበረም። መካኒኩ ፊተኛው ጫማ ኋለኛውን እንዴት እንደሚገፋ በሁለት እጄ ሳሳየው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣ «ታዲያ ይህን ማን ነገረን!» አለ። ይህ ንግግሩ ከጥያቄው ይልቅ አሳሰበኝ። ሞላ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ካቦ የሚሉት የጋራዣችን ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሙያውም እንደ ቃላቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ልጁ ከአስተማሪው የወሰደው «እንዲህ ግጠም» የሚለውን ነው። «እንዲህ የሚገጠመው ስለዚህ ነው» የሚለው ግን በመንገድ ቀርቷል። አስተማሪው አንድ ቀን ቢሳሳት፣ ስሕተቱም እንደ ሙያው ይወረሳል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ስለሌለ የሚያርመው አይገኝም።

ታምቡር ፍሬን ያለፈ ነገር ነው ብሎ ይህን የሚንቅ ቢኖር ተሳስቷል። በብዙ ከባድ መኪናዎችና በብዙ ትንንሽ መኪናዎች የኋላ ጎማ ላይ ዛሬም ይሠራል። ቮልስዋገን በ2019 አይዲ 3፣ በ2020 አይዲ 4 የተባሉትን የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባወጣ ጊዜ ለኋላ ጎማቸው የመረጠው ታምቡርን ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በሞተሩ ኃይል እየተመለሰ ስለሚገታ የኋላው ፍሬን ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ ዲስክ ይዝጋል፣ በክዳን ውስጥ ያለው ታምቡር ግን ይጠበቃል። ሬኖ ጫማውን ከጭቃ ለማዳን ያስገባበት ቤት ከመቶ ዓመት በኋላ ለሌላ ችግር መፍትሔ ሆነ።

ስለዚህ በሙያ ትምህርት ቤቶቻችን የፍሬን አገጣጠም በሚሰጥበት ሰዓት፣ ታሪኩና ስሌቱ አብሮ ቢሰጥ መልካም ይመስለኛል። ሰዓቱን ብዙ አያስረዝመውም። እኛም በኮሌጅ ያለነው ስሌቱን እያወቅን ጫማውን በእጃችን ይዘን ካላየነው፣ ከዚያ መካኒክ የምንሻልበት ነገር የለም፤ በዓባይ ቁልቁለት አጎቴ አጠገብ የተቀመጥሁት እኔ የማንሻን ሕግ በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር።